እናቴ አዞ ትፈራለች፤ ኤቨርግሌድስ እንዴት እንሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በፈረንጆች ገና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ፍሎሪዳ ልንወርድ አስበናል። 15 እና 12 ዓመታቸው ነው፤ እዚያ ያለው ሰፊ የረግረግ ፓርክ፣ ኤቨርግሌድስ፣ ገብተን ካያክ (ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ) ካልቀዘፍን ብለው ይዘውኛል። እናቴም አብራን ትሄዳለች። አርባ ምንጭ ያደገች ስለሆነች አዞ ሲባል ስትሰማ «እኔን ከሆቴል አታውጡኝ» ትላለች። ያለን ሁለት ቀን ነው። ካያክ፣ ሳይክል ወይስ ከአስጎብኚ ጋር በእግር?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትዎ ትክክል ናቸው። ጫሞ ዳር ያደገ ሰው አዞን የሚፈራው አውቆ ነው። ኤቨርግሌድስ በብዛት የሚያጋጥማችሁ ግን አሊጌተር የሚባለው ነው፤ አፉ ሰፊ፣ መልኩ ጠቆር ያለ። ከእኛ አገሩ አዞ ጋር ሲነጻጸር ሰው ላይ መነሣት አይወድም። ቢሆንም አውሬ ነው፤ ቢያንስ 15 ጫማ፣ ማለትም 4 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ግድ ነው፤ ምግብ መስጠትም ክልክል ነው። ልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ ይንገሯቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ሻርክ ቫሊ ለሚባለው የፓርኩ ክፍል ስጡት። ከማያሚ ታማያሚ ትሬል በሚባለው መንገድ ወደ ምዕራብ ነው። ውስጡ 15 ማይል፣ 24 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙሪያውን የሚዞር አስፋልት አለ። የግል መኪና አይገባበትም፣ ዳገትም የለውም፤ ሳይክል እዚያው ይከራያል። እርስዎና ልጆቹ በሳይክል፣ እናትዎ ትራም በሚሉት፣ አስጎብኚ ባለው የጎብኚዎች መኪና። የትራሙን ቲኬት ግን ቀድመው ይያዙ። መንገዱ አቋራጭ የለውም፤ አጋማሹ ላይ ያለው ማማ ከደረሳችሁ ወደፊትም ወደኋላም እኩል ነው፤ ስለዚህ ትንሹ ልጅ ከደከመው ገና በጊዜ ተመለሱ። ጥላ ስለሌለ ውኃ በብዛት ያዙ። በምዕራቡ በኩል መንገዱን ተከትሎ ቦይ አለ፤ አሊጌተሮቹ ዳሩ ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያጋጥማችሁ በሌላው ጠርዝ ራቅ ብላችሁ እለፉ።

ከማያሚ የምትነዱበትን ታማያሚ ትሬልንም ልብ በሉልኝ። ከኦኪቾቢ ሐይቅ ፍሎሪዳ ቤይ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ በዝግታ የሚወርደውን ውኃ፣ ይህ መንገድ በፈረንጆች 1928 ሲከፈት እንደ ግድብ አገደው። ከታች ያለው ረግረግ ለብዙ ዓመታት ተጠማ። በኋላ መንገዱን በየቦታው ቆርጠው ውኃ በሚያሳልፍ ድልድይ ተኩት፤ የመጀመሪያው አንድ ማይል 2013 አለቀ። በዚያ ድልድይ ባለፍሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በሁለተኛው ቀን ከልጆችዎ ጋር አልስማማም። ካያኩን ትታችሁ በእግር ውኃው ውስጥ ግቡ። በሆምስቴድ በኩል ባለው በር (ከሻርክ ቫሊ ጋር በውስጥ አይገናኝም፣ ዞሮ መምጣት ነው) ዝናብ በማይበዛበት ወቅት ሬንጀሮች (የፓርኩ ጠባቂዎች) ሰው እየመሩ የሳይፕረስ ደን ውስጥ ያስገባሉ። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የዕድሜ ገደቡንም ያን ጊዜ ይጠይቁ።

እኔ ጣና ዳር ነው ያደግሁት። ረግረግ ሲሉኝ ጭቃና ሽታ ጠብቄ ነበር። ውኃው ጉልበቴ ድረስ፣ ቀዝቃዛ፣ ጣቴ የሚታይበት ጥርት ያለ ነበር። ሬንጀሯ ከውኃው ላይ ቡናማ፣ ስፖንጅ የመሰለ ነገር አንሥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። ፔሪፋይተን ይባላል፤ አልጌና ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ተጋግረው የሠሩት ነው። ስጨምቀው ውኃው በጣቶቼ መሀል ወረደ። ረግረጉ ሲደርቅ እርጥበት ይዞ ብዙ ነፍስ የሚያቆይ እሱ ነው። ቀጥላ ሶውግራስ የሚሉትን ቅጠል አስነካችኝ፤ ከታች ወደ ላይ ሲዳብሱት ልስልስ፣ ከላይ ወደ ታች ሲሆን መጋዝ። ሳር ይሉታል እንጂ ሳር አይደለም፤ ለበዓል ከምንጎዘጉዘው ቄጠማ፣ ታንኳ ከምንሠራበት ደንገል ጋር ወገኑ አንድ ነው። ስንት ዓመት ስኖር በአጠገቡ ያለፍሁትን ዘመድ ያን ቀን አወቅሁት።

ልጆቹ እምቢ ካሉ ለካያክ ናይን ማይል ፖንድ የሚባለው ኩሬ ደኅና ነው። ወደ 5 ማይል የሚሆን ዙር ነው፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ነጭ ምሰሶዎች ይመሩዎታል። እኔ ታንኳ ለምዻለሁ ብዬ ነፋሱን ሳልጠይቅ ገባሁ፤ ሲሄዱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ግን ደረት ላይ ነው። ክንዴ ዝሎ፣ ውኃዬ አልቆ፣ ሊመሽ ሲል ወጣሁ። ጠዋት ትንበያውን አይታችሁ፣ ነፋስ ካለ ተዉት።

እናትዎን በዚያ ቀን አንሂንጋ ትሬል ወደሚባለው የእግር መንገድ ይውሰዷቸው፤ አጭር ነው፣ ከፊሉ በእንጨት ድልድይ ላይ ነው። ስሙን የሰጠው ወፍ ጠልቆ ዓሣ ይይዝና ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል። በውኃው ለምትገቡት ማሰሪያ ያለው፣ ቢበላሽ የማያሳዝን ጫማና ረጅም ሱሪ፤ መኪናው ውስጥ ደግሞ ደረቅ ካልሲ ለሁሉም።