ያገለገለ የብረት ጎተራ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ያገለገለ የብረት ጎተራ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ስንዴዬን ከነቀዝ ያድንልኛል? (ከእነዋሪ፣ ሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ የብረት ጎተራ ነቀዝን የሚገድለው አየር በማሳጣት ስለሆነ፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገርዎ በፊት መጋጠሚያዎቹን በቀን ብርሃን ይመርምሩ። ጥቂት ቀዳዳ በብየዳ ይደፈናል፤ ወለሉ በዝገት የተበላ ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጥዎም አይውሰዱት። ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ ተቀምጦበት የነበረም ለእህል አይሆንም።

ከጎተራው ይልቅ የሚያሳስበኝ የስንዴው እርጥበት ነው፤ በደንብ ያልደረቀ እህል በታሸገ ብረት ውስጥ ይሻግታልና። ጥቂት ስንዴ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ነቅንቀው ለ15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ መልሰው ፀሐይ ላይ ያስጡት። ጎተራውን በጥላ ሥር፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀምጡት።