ለጎንደር የሕክምና ተማሪዎች፦ ምስሉ እንዴት እንደተነሣ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ፀጉሬ የሸበተው እዚሁ ጎንደር ራጅ ሳነብ ነው። ስልካችሁ ላይ የደረሰ የሲቲ ስካን ምስል ከፍታችሁ ወዲያው «ይሄ እኮ ዕጢ ነው» ስትባባሉ እሰማለሁ። ጉጉታችሁን እወደዋለሁ፤ ጥድፊያችሁ ግን ያሳስበኛል።

የደረት ራጅን እንውሰድ። አንዲት እናት ቆማ፣ ደረቷን ፊልሙ ላይ አስጠግታ፣ ጨረሩ ከጀርባዋ ሲገባ ልቧ ለእውነተኛው መጠን ቀርቦ ይታያል። ያቺው እናት አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጨረሩ ከፊቷ ሲመጣ ግን ልቧ ከፊልሙ ስለሚርቅ ገዝፎ ይወጣል። ትንፋሿን በደንብ ካልሳበች ደግሞ ይብሳል። ይህን ያላጣራ ሐኪም ጤነኛውን ልብ «አብጧል» ብሎ ይጽፍባታል፤ እሷም ያንን ወረቀት ይዛ ቤቷ ትገባለች።

ሲቲ ስካን የሚለካው አካላችን ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያስቀር ነው። ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ይሰጠዋል። የትኛው ቁጥር ነጭ፣ የትኛው ጥቁር ሆኖ ይታይ የሚለውን የምንወስነው እኛ ነን። ለአጥንት በተስተካከለ ምስል የአንጎልን ጉዳት ብትፈልጉ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

የጥንቱ ሐኪም ጌለን የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ያስተማረው የእንስሳትን አካል አይቶ ነበር። ትምህርቱ ከሺህ ዓመት በላይ ታመነ። ሬሳ በገዛ እጁ ይከፍት የነበረው የአካል አወቃቀር ሊቁ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ።

እኛው አገር ደግሞ ጣፊያን የሚያሳብጠው የጥገኛ ተዋሲያን በሽታ፣ ካላዛር፣ አለ። ከመተማ ወይም ከሑመራ እርሻ ጣፊያው አብጦ ከመጣ የቀን ሠራተኛ በመርፌ የተወሰደው ናሙና ጊምሳ በተባለው ቀለም ካልተቀለመ ጥገኛው በማይክሮስኮፕ አይለይም። ከተቀለመም በኋላ ክብ ነገር ስላያችሁ «አለበት» አትበሉ። ኒውክሊየሱንና አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ዘንግ መሰል ነገር፣ ኪኔቶፕላስቷን፣ አብራችሁ ፈልጉ። አለዚያ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ትንሹ የደም ክፍል) ወይም የቀለም ዝቃጭ ሊያሳስታችሁ ይችላል። የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችን ለዚህ አንድ ስላይድ የሚያጠፉትን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ።

ራጅ ክፍልም ግቡ። ታካሚው ቆሞ ነው የተነሣው ተኝቶ? ትንፋሹንስ ይዞ ነበር? እያላችሁ ጠይቁ። ማዘዣ ላይ «የደረት ራጅ» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩልን፤ ታሪኩንም ጻፉልን። ለሳምንታት ያሳለውን ሰውና ትናንት ከዛፍ የወደቀውን ሰው ራጅ የማነበው የተለያየ ነገር እየፈለግሁ ነው።