ሦስት ሊፍት እያለ ሰልፉ ውጭ በር ድረስ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ካዛንቺስ ያለ የአንድ ጂ ፕላስ 14 ሕንፃ የጥገና ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ጎን ለጎን ሦስት ሊፍት አለን። ጠዋት ከ2፡15 እስከ 3 ሰዓት ሰልፉ ውጭ በር ድረስ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይወርዳሉ። ከአራት ወር በፊት የመሃለኛው መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጥሎ ተቀይሯል። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም። ባለቤቱ አሁን ፈጣን ሞተር እንግዛ እያሉ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ሞተሩን ተወው። ባለቤቱም ብራቸውን ኪሳቸው ያቆዩት።

ጥርጣሬዬን ልንገርህ፤ ሊፍቶችህ ተኳርፈዋል። ቦርዱን የቀየረው ሰው መሃለኛው ሲንቀሳቀስ አየና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከግራና ከቀኙ ጋር መነጋገሩን ግን አላየም። እንዲህ ዓይነት ጥገና ስንቴ አይቻለሁ መሰለህ! ሊፍቱ ከሄደ ሥራው አልቋል ብለው የሚያስቡ ልጆች በዝተዋል።

ለማረጋገጥ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ግራውንድ ላይ የአንዱን ሊፍት በተን ብቻ ተጫን። የሌሎቹ ሁለቱ አብረው ካልበሩ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚሠራው። ሰው ደግሞ ጠዋት ሲቸኩል ምን ያደርጋል? ሦስቱንም ይጫናል። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልጅም ሦስቱንም ትጫናለች። አንዱ ይዟት ይሄዳል፣ ሁለቱ ባዶ ኮሪደር ላይ በራቸውን ከፍተው፣ ጠብቀው፣ ዘግተው ይወርዳሉ። ታች ያለው ሰልፈኛ እነሱን ነው የሚጠብቀው።

ፓኔል ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር። የበር ኮንታክት ላይ፣ ማለትም በሩ መዘጋቱን ለሊፍቱ በሚናገረው ስዊች ላይ፣ ጃምፐር (አልፎት የሚያገናኝ ሽቦ) እንዳታደርግ። ለሙከራም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

አሁን ማሽን ሩም ውጣ። ካቢኖቹ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አረጋግጥ፣ የሦስቱንም ሜይን ስዊች አጥፋና ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው) ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ከፓኔል ወደ ፓኔል የሚሄዱትን፣ ሊፍቶቹ የሚነጋገሩባቸውን ሁለት ቀጫጭን የተጠማዘዙ ገመዶች ፈልግ። ተርሚናሉ ላይ «ካን ኤች» እና «ካን ኤል» የሚል ካለ በሁለቱ መካከል ኦም ለካ። 60 ካሳየህ ደህና ነው። 120 ካሳየህ መስመሩን ጫፍ ላይ ከሚዘጉት ሁለት ሬዚስተሮች አንዱ ጠፍቷል ወይ ገመዱ መንገድ ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ምንም ካላሳየህ ሁለቱም ሬዚስተሮች የሉም ወይ የምትለካው ተርሚናል ከመስመሩ ጋር ሳይሰካ ቀርቷል። 40 ካሳየህ ደግሞ ሦስተኛ ሬዚስተር መስመሩ ላይ አለ። ሬዚስተር የሚያስፈልገው ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ አዲሱ ቦርድ የራሱን እንደበራ ይዞ መጥቶ መሃል ተቀምጧል። ውርርዴ 40 ላይ ነው። ተርሚናሉ ላይ የተጻፈው ሌላ ከሆነ ግን ከመለካትህ በፊት ዲያግራሙን እይ።

እያንዳንዱ ሊፍት በግሩፑ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥርም ቦርዱ ላይ ተመልከት። ሦስቱ ቦርዶች 1፣ 2፣ 3 መባል አለባቸው። አዲስ ቦርድ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ሲወጣ 1 ነው። ሁለት 1 ካለህ መነጋገር የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልለፍልፍ፣ የምወዳት ነገር ስለሆነች ታገሠኝ። ሰው ሁሉ ሊፍት ሲዘገይ ፍጥነት ነው የሚያስበው። ከመገናኛ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ አስብ። ሾፌሩ የፈለገውን ያህል ቢነዳ፣ በየመቶ ሜትሩ «ወራጅ አለ» ከተባለ አይደርስም። ሊፍትም እንደዚያው ነው። ያንተ ሕንፃ ቁመቱ በግምት 46 ሜትር ቢሆን፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ሊፍት ሳይቆም በ46 ሰከንድ ላይ ይደርሳል፤ 1.6 ሜትር የሚሄደው በ29። አዲሱ ሞተር ሲወጣ የሚያተርፍልህ 17 ሰከንድ ነው፣ ያውም የትም ካልቆመ። አሁን 13 ሰው ጫንና ሁሉም ወደየቢሮው ይሂድ፤ በአማካይ ስምንት ዘጠኝ ቦታ ይቆማል። መቆም፣ መክፈት፣ ማውረድ፣ መዝጋት፣ እንደገና መነሳት፣ 10 ሰከንድ ብንል ወደ 90 ሰከንድ በመቆም ብቻ አለቀ። ያንኑ 13 ሰው ሰባት ፎቅ ብቻ ለሚያገለግል ሊፍት ብትሰጠው ማቆሚያው ስድስት ገደማ ይሆናል። ከ25 ሰከንድ በላይ አተረፍክ፣ ያለ አንድ ብር! ንግድ ባንክን፣ ያን 209 ሜትር ሕንፃ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ «ሊፍቱ ስንት ይፈጥናል?» ይላል። እኔን የሚያጓጓኝ ፎቆቹ ለሊፍቶቹ እንዴት እንደተከፋፈሉ ነው። የኒውዮርኮቹ መንትያ ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው 110 ፎቅ፣ 44ኛና 78ኛ ፎቅ ላይ መቀየሪያ ነበራቸው። በትልቁ ሊፍት በቀጥታ እዚያ ትደርሳለህ፣ ከዚያ ሌላ ትይዛለህ፤ መገናኛ ወርደህ ታክሲ እንደመቀየር በለው። አሁን ደግሞ የምትሄድበትን ፎቅ ውጭ ሆነህ ነክተህ የትኛውን ሊፍት እንደምትይዝ የሚነግርህ መጥቷል። ይሄ ሜክሲኮ አደባባይ በየመድረሻው እንደምንሰለፈው የታክሲ ሰልፍ ነው፤ እኛ ያለ ኮምፒውተር እንሠራዋለን።

ወደ ሥራችን። ያገኘኸውን ጉድለት አስተካክለህ ሦስቱ እንደ አንድ ግሩፕ መነጋገር ከጀመሩ በኋላ ሥራ የሌለው ሊፍት ጠዋት ራሱ ግራውንድ እንዲመለስ ቦርዱ ላይ አስተካክል። ሰልፉ አሁንም ካልቀነሰ አንዱን ከ2 እስከ 3 ሰዓት እስከ 7ኛ ፎቅ ብቻ አድርገውና በሩ ላይ በትልቁ ጻፍበት። የካቢኑ ወለል ስር ያለችውን የክብደት ስዊችም እይ፤ ሊፍቱ ከልክ በላይ ሲሞላ ስትጮህ ሰለቸን ብለው የሚነቅሏት አሉ። እሷ ካልሠራች ሞልቶ የመጣ ሊፍት በየፎቁ ይቆማል፣ በር ይከፈታል፣ ሰው ከሰው ይተያያል፣ ይዘጋል።

የበሩን ሮለሮችም ፈትሽ። ገበያው ላይ ያለው ርካሽ ፕላስቲክ በጥፍርህ ስትጫነው ይጎደጉዳል፤ በጥቂት ወር ውስጥ ይበላና በሩ ሊዘጋ ሲል ነክቶ ተመልሶ ይከፈታል። ጥሩውን ግዛ። በሩ ቶሎ ይዘጋልኝ ብለህ ደግሞ ፎቶሴሉን፣ በሩ ላይ ሰው ሲያይ መዝጋቱን የሚያስቆመውን የብርሃን ዓይን፣ እንዳትነቅል።

ፒያሳ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ፓኔል ከፍቼ ከስልክ ገመድ የተቆረጠች ቀጭን ቀይ ሽቦ አገኘሁ። የበሩን መስመር ደፍናው፣ በፕላስተር ተጠቅልላ፣ አቧራ ጠጥታ ተቀምጣለች። ያ ሊፍት በሩን ከፍቶ ይሄድ ነበር። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደሠራ እግዜር ይወቀው። ሰው አልተጎዳም፣ እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አንተም ፓኔሉ ክፍት እያለ የበር ኮንታክት ተርሚናሎችን እይ። ቦታዋ ያልሆነች ሽቦ ካየህ ያን ሊፍት አጥፋው፣ ሰልፉ መንገድ ቢደርስም አታስነሳው፣ ኮንታክቱን የሚሠራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥራ።

ልኬቱን ጻፍልኝ። 60 ሆኖ ቁጥሮቹም ትክክል ከሆኑ የሦስቱን ቦርዶች ሞዴል አያይዘህ ላክ፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር የማይግባባ ሊሆን ይችላል።