በአያቴ ድሪ ላይ ያሉት ሁለት ብሮች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አያቴ ካወረሰችኝ ድሪ ላይ ሁለት ትልልቅ ብሮች አሉ። አንዱ 1780 የሚል ማርትሬዛ፣ ሌላው የምኒልክ። ማርትሬዛው እውነት ያን ያህል አሮጌ ነው? ከሴትዮዋ ምስል ሥር ያሉት ሁለት ፊደላትስ ምንድን ናቸው? አንጥረኛው «አቅልጬ አምባር ልሥራልሽ» እያለኝ ነው። (ከጎንደር፣ ፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። እባክሽ አታስቀልጪው! ለአምባር የሚሆን ብር ሌላ ይገዛል።

1780 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴትዮዋ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። እኛም ሆንን ዐረቦቹ የለመድነው መልክ ትንሽ ከተለወጠ አንቀበልም እንል ነበርና። የኛ ሰው በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ነጠብጣቦች ሳይቀር እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ሮምም፣ ለንደንም፣ ፓሪስም አትመውታል። ስለዚህ ያንቺው አያትሽ ልጅ ሳሉ የታተመ ሊሆን ይችላል።

ፊደላቱ ኤስ እና ኤፍ ናቸው። የሁለት ሰዎች ስም መነሻ ናቸው፤ ሾብል እና ፋቢ ይባላሉ፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው በጉንዝቡርግ ከተማ የብር ማተሚያ ሹማምንት ነበሩ። ቅጂዎቹም እነዚሁኑ ፊደላት ስለያዙ የታተመበትን ቦታ በነሱ ብቻ አታውቂም።

እውነተኛነቱን ግን ጠርዙ ይነግርሻል። በጣትሽ ዳብሺው፤ ዙሪያውን ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉ፣ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል። በሻጋታ የፈሰሰ ሐሰተኛ ይህን አጥርቶ አያወጣም። ወርቅ ቤት ሄደሽም አስመዝኚው፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ለድሪው የተበየደበት ቀለበት ትንሽ ይጨምራል፤ ከአንገት ለአንገት ሲፋተግ መኖሩ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል።

የምኒልኩ ነገር ይለያል፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከማርትሬዛው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጓል፤ እንዲያም ሆኖ ገጠሩ ማርትሬዛውን አልለቅም አለ። ትንሿን የላቲን ኤ ፈልጊ። ካለች የፓሪስ ማተሚያ ምልክት ናት፤ ይቺ ምልክት እውነቷን ነው የምትናገረው። ዓመተ ምሕረቱ የኛው ነው፣ በግዕዝ ቁጥር። ፲፰፻፹፯ ካለ 1887 ማለት ነው።

በሎሚም በአመድም እንዳታሺው። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው እሱኑ ነው።

የምኒልኩን ዓመተ ምሕረት አንብበሽ ላኪልኝ። አንበሳው የትኛውን የፊት እግሩን እንዳነሳም ጻፊልኝ፤ በሁሉም ላይ አንድ አይደለም።