ጥቁሯን ብር አትፈትጓት

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ሦስት የማርትሬዛ ጠገራ ብሮች ይዞ መጣ። የአያቱ ናቸው። አንዷ ታብለጨልጫለች፣ አንዷ ፈዛለች፣ ሦስተኛዋ ጠቁራለች። «ጋሼ፣ ፎርጅዷ የትኛዋ ናት?» አለኝ።

ልጆቼ፣ ይህን ስሰማ ትዝ ያለችኝ አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ዘመን፣ በወርቅ ቤት ተቀጥሬ ሙያ ስማር ያየኋት አንዲት እናት ናት። ከመቀነታቸው ፈትተው አንዲት ጠገራ አወጡ። መሃሏ ወርቅማ፣ ወደ ዳር ሐምራዊ፣ ጠርዟ ሰማያዊ፤ ልክ እንደ እርግብ አንገት። አሠሪዬ «ቆሽሿል» ብሎ፣ ሳይጠይቃቸው በሎሚና በአመድ ፈተጋት። ነጭ ሆና ወጣች። እናትየዋ አገላብጠው አይተው «ይቺ የእኔ አይደለችም፤ የእናቴን ብር አምጣ» አሉ። እሱ ሳቀ፣ መዝኖ የብር ዋጋ ከፈላቸው። እኔ የውሃውን ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። የተቀጠረ ልጅ ምን ይላል? ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው ያዩኝ እኔን ነበር።

ያ ቀለም ቆሻሻ አልነበረም። አየር ውስጥ ያለ ድኝ ብርን ሲነካው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ከወርቅማ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ይለወጣል። ማርትሬዛ ደግሞ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስለዚህ አንዷ በሣጥን፣ አንዷ በመቀነት፣ ሌላዋ በአንገት ጌጥ ላይ ከኖረች መልካቸው እንዴት አንድ ይሆናል?

በዚያ ላይ ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል እንጂ ሁሉም የዚያ ዓመት አይደሉም። መልኳ ብሯ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ብትሞትም ቪየና በዚያው ቁጥር ማተሙን ቀጠለች፤ በኋላ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም አትመዋል። አዲስ ማተሚያ የመታትና ያረጀ ማተሚያ የመታት አይመሳሰሉም። ማተሚያው ሲያርፍ ብሩ ከመሃል ወደ ዳር ይለጠጥና በዓይን የማይለዩ ጭረቶች ይተዋል። ሳንቲሙን ብርሃን ላይ ስታዞሩት የሚሽከረከረው ውጋገን የእነሱ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እነዚያ ያልቃሉ፣ ብሯም ትፈዛለች። ብትፈትጓት ታበራለች፤ ውጋገኗ ግን አይመለስም።

የዛሬ ልጆች በጥርስ ሳሙና ሲያሹ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ችኩሎች ናችሁ። ለነገሩ አሠሪዬም ሽማግሌ ነበር፤ ችኮላን ዕድሜ አይከለክለውም። እኔም ብሆን የአንገት መስቀል ሲመጣልኝ ያለ ርኅራኄ ነው የምወለውለው፤ እሱ ሊለበስ ነዋ።

የልጁን ሦስቱንም መዘንኩለት። እንደሚጠበቀው 28 ግራም ገደማ መጡ፤ በመልኳ ብቻ ፎርጅድ የምትባል የለችም። የፈዘዘችው ትንሽ ቀለል አለች፣ ተበልታለችና። የጠቆረችው በጎማ ታስራ ነው የኖረችው። ጎማ ውስጥ ድኝ አለ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። መሸጥ ካማራችሁም ከነጥቁረቷ አሳዩ። ማጠብ የፈለገ ገዢ ከከፈለ በኋላ ይጠባት።