ስለ ታዳጊ ሯጮች ምግብ የምትጠይቁት ካለ ልመልስ

ሀዋሳ ነኝ፣ ድሮ 5 ሺ እሮጥ ነበር፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይሄን ነገር ስከታተለው ቆይቻለሁ፣ ጠይቁኝ።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ሩጫ ጀመረ፣ ምን የተለየ ነገር ላብላው?
እትዬ የተለየ ነገር አይፈልጉ፣ መጠኑን ይጨምሩለት። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ግማሾቹ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሻይ ብቻ ጠጥተው ነው የሚመጡት፣ ሶስተኛው ዙር ላይ ከንፈራቸው ይነጣል። ሲወጣ ሙዝም ቢሆን ትንሽ ዳቦም ቢሆን ቀመስ ያድርግ፣ ሲመለስ ደግሞ ሳይቆይ ቂንጬ በእንቁላል ምናምን። እሱ እኮ ለሩጫውም ለእድገቱም ነው የሚበላው፣ አጥንቱ አብዛኛው የሚገነባው እስከ 20 ዓመቱ ነው፣ ያኔ ያልተገነባው በኋላ አይካካስም።

እኛ ቤት ቆጮ ነው የሚበላው፣ ይበቃል?
ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ኢምንት ነው። በወተት፣ በአይብ ከሆነ አሪፍ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደህ ቆሮሶ ዓሣ ካመጣህ ደግሞ ምን ቀረህ።

ሯጭ ያደረገን የጤፍ ብረት ነው የሚባለው እውነት ነው?
ሃሃ፣ ኬንያዎቹ በኡጋሊ፣ በበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ አይደል እንዴ የሚሮጡት! ቀነኒሳ፣ ደራርቱ፣ ጥሩነሽ የወጡባት በቆጂም የገብስና የስንዴ አገር ናት። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ የሚገባበት አፈር ነው፣ ያለውንም ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻላል፣ ቃሪያና ቲማቲም ይረዳል፣ ምግብ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይከለክለዋል፣ እኛ ደግሞ እሱን አንተውም።

በሁዳዴ ልምምድ ያቁም?
55 ቀን ማቆም የለበትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝ ይብዛለት፣ ከባዱን ልምምድ ወደሚበላበት ሰዓት አስጠጉት።

እህቴ 16 ዓመቷ ነው፣ ከከሳች ወዲህ ፔሬዷ ከቀረ 4 ወር ሆነው፣ አሰልጣኟ «ለሯጭ ኖርማል ነው» አላት።
ኸረ ኖርማል አይደለም! 3 ወር ካለፈ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው፣ ነገ ውሰዳት። የምትበላው ከምታቃጥለው ሲያንስ ሰውነት ቀድሞ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንቱ ይሳሳል፣ ከዛ ስትሬስ ፍራክቸር፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ። መጀመሪያ ላይ ስለቀለለች ሰዓቷ ሊሻሻል ይችላል፣ ሰውን የሚያታልለው እሱ ነው። እኔም በ17 ዓመቴ «ቅለል» ተብዬ ራት መብላት ትቼ ነበር፣ ሁለት ወር ፈጥኜ ቅልጥሜ ተሰነጠቀና ሙሉ ሲዝን ቁጭ አልኩ። የኔ በእግር ስንጥቅ አለፈ፣ የሷን ግን ቀልድ አታድርጉት።

ለ15 ዓመት ልጅ የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?
አትግዛ ወንድሜ። በሶ በጥብጥለት።