ሴራሚኩ መያዙን ሳይነቅሉ ማወቅ ይቻላል?

ሰላም ወንድሜ። የቤትህ የውጭ ግድግዳ አንዱ ጎን ሴራሚክ ከተለጠፈበት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ አንድም ሳይነቀል ጥንካሬውን ማወቅ ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በማጠናቀቂያ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ቁርጡን ልንገርህ። ክፍተት ያለበትን ቦታ ማወቅ ይቻላል፤ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ግን ሳትነቅል አታውቅም።

ክፍተቱን ለማወቅ በሳንቲም መሃሉንም ማዕዘኖቹንም አንኳኳ። እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው ኮላ ስላልደረሰው በጠመኔ ምልክት አድርግበት።

ድፍን ድምፅ ግን እንዳያዘናጋህ። አንድ የደረጃ ግድግዳ ሙሉውን አንኳኩቼ ባዶ ድምፅ የሰጠኝ አልነበረም። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመታው ሦስቱ ተከታትለው ወደቁ። አንዱን አንስቼ ጀርባውን ሳየው ከካርቶን እንደወጣ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረው ኮላ ደግሞ የሴራሚኩን ጀርባ ቅርፅ ቁልጭ አድርጎ ይዟል። ነክቶታል፣ አልያዘውም! ኮላው ፀሐይ ላይ ተቀብቶ ቆይቶ ቆዳ አውጥቶ ነበር። ይህን ማንኳኳት አያሳይም።

በመስታወት ማንሻ ጎማ ስቦ መሞከርም አያዋጣም። በአውሮፓው ኢኤን 12004 ደረጃ መሠረት ሲ1 የሚባለው መደበኛ የሲሚንቶ ኮላ ቢያንስ 0.5 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር መቻል አለበት፤ 5 በ5 ሳንቲሜትር ቁራጭ ላይ 127 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ጎማው የሚስበው በአየር ግፊት ልክ ብቻ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ 0.08 እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ከተለጠፈው ጎን ዓይን የማይገባበት ጥግ ላይ አንድ ሴራሚክ ሠውተህ ጀርባውን እይ። ለቀረው ጎን ግን ሲለጠፍ እዚያው ቁም። ኮላውን በጣትህ ንካው፤ ጣትህ ላይ ካልቀረ ተፍቆ ይጣል፣ ውሃ ጨምሮ ማደስ የለም። በየመሃሉም የተለጠፈውን ወዲያው አንስተህ ጀርባውን ተመልከት፤ ለውጭ ግድግዳ የአሜሪካኖቹ ደረጃ 95 በመቶው በኮላ እንዲሸፈን ይጠይቃል።

ከዚያው ባልዲ በዚያው ሰዓት ሁለት ሦስት የሴራሚክ ቁራጭ ትርፍ ብሎኬት ላይ ለጥፈህ ቀኑን ጻፍባቸው። በ28ኛው ቀን በመሮ ፈልቅቃቸው። ሴራሚኩ ከተሰበረ ወይም ኮላው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ሁለቱም ላይ ከቀረ ደህና ነው። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ የዚያን ቀን ሥራ አትረከብ።